በስተቀኝ ያለው ቦታህ

ውድ ወንድሜ ባምላኩ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ መጀመር አቃተኝ። ሙት እንዴት እንደሚሰነብት አላውቅም። ዘመሮ ከተማ፣ ኪራይ ቤቴ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፤ የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ሳይታረም አጠገቤ ተቆልሏል።

ስለ እማዬ ትጠይቀኝ ይሆናል። እህል ትቀምሳለች፣ በጎቹንም ታስወጣለች፤ ከእኔ በቀር ግን ከሰው ጋር መነጋገር ትታለች። እንዲህ ያደረጋት ሞትህ ብቻ አይደለም። የዛሬው ነገሬ ስለዚያ ነው።

ለፋሲካ መጥተህ ገብሱ ማሳ ዳር ያወራነው ትዝ ይልሃል? "አራት አውሮፕላን እንደዚያ ተጠጋግታችሁ ስትበሩ አትጋጩም?" አልኩህ። ሳቅህ። "ኮከቤ፣ እኔ እኮ መሬቱን አላየውም፤ ሰማዩንም አላየውም። በስተቀኝ ሆኜ የማየው የመሪያችንን የታዲዮስን ክንፍ ብቻ ነው።"

"እሱ ቢሳሳትስ?"

"አብሬው እሳሳታለኋ!"

"ምናለ ታዲያ ራቅ ራቅ ብትሉ?"

"ራቅ ካልንማ ማን ያጨበጭብልናል?"

በነፍስ ትቀልድ ነበር፤ ነፍሲቱም የራስህ ነበረች። ያን ቀን አኩርፌህ ዋልኩ፤ አንተ ደግሞ ኩርፊያዬን እያየህ ስትስቅ ዋልክ።

ታዲዮስ አልተሳሳተም። ለአየር ትርዒቱ ስትለማመዱ የእሱ አውሮፕላን ከኋላው የተወው ነፋስ አንገጫግጮህ ክንፍህ ክንፉን ነካ አሉን። እሱ እንደምንም አውሮፕላኑን አሳረፈ፤ አንተ ወደቅህ። ተራርቃችሁ ቢሆን ነፋሱ ነቅንቆህ ያልፍ ነበር አሉ፤ ይህን ሲነግሩን አንተ ሳጥን ውስጥ ነበርክ። እማዬ "ፊቱን ብቻ አሳዩኝ" ብላ ለመነች። ሳጥኑ አይከፈትም ተባለች። ልጇን ሳታየው ቀበረችው።

ታዲዮስ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ልቅሶ መጣ፤ የእማዬንም ጉልበት ሳመ። እሷም "የኔ ልጅ፣ እናንተ ጋ ጓደኛ ሲሞት እንዴት ነው የሚለቀሰው?" አለችው።

"አብረውት የሚበሩት በላዩ ያልፋሉ፣ እማማ። የእሱ ቦታ ክፍት ይተዋል፤ ማንም አይገባበትም።"

ከተቀበርክ ወዲህ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። "ይኸማ የኛው ፈረስ ነው" አለች። እውነቷን ነው። በኛ አገር ጎበዝ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ በለቀስተኛው መሀል ይሳባል፤ ማንም አይቀመጥበትም። "በአርባው ኑልኝ። እኔም ዳማ ፈረሱን አስጭኜ እጠብቃችኋለሁ" አለችው።

እኔ አልወደድኩትም። ታዲዮስን እስከ መኪናው ተከትዬ፣ "ካፒቴን፣ ስለ እግዚአብሔር! አገሩ ተራራ ነው፣ ጉሙ ድንገት ነው የሚወርደው። ከመጣችሁም ተራርቃችሁ ብረሩ" አልኩት።

"ሦስት ሆነን፣ ተራርቀን ነው የምናልፈው። ቃሌ ነው" አለኝ። አመንኩት።

በአርባህ ጓሳ ዳር ያለው ሜዳ በሰው ሞላ። አጎታችን አባይነህ ዳማውን ጭኖ፣ ነጭ ጋቢህን ኮርቻው ላይ አንጥፎ፣ ልጓሙን ይዞ ቆመ። በራቤል ከተማ በኩል የአውሮፕላን ድምፅ መጣ፤ ፈረሱ ደነበረ። ቀና ብዬ ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። አራት! ከታዲዮስ በስተቀኝ፣ አንተ ቦታ ላይ፣ ሌላ ሰው አለ። በገመድ የታሰሩ ይመስል ተጠጋግተው በላያችን አለፉ። ሰዉ ልቅሶውን ረስቶ "ወይ ጉድ!" አለ፤ ከኋላ የቆሙት አጨበጨቡ። በራስህ ተዝካር ላይ አጨበጨቡ፣ ባምላኩ።

እማዬ በእጇ ፀሐይዋን ጋርዳ "ክፍቱ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ዓይኗ ደክሟል፣ አራቱን አትለይም ብዬ ጣቴን ቀሰርኩ፤ "ያውልሽ፣ በስተቀኝ።"

ጣቴን ተከትላ አየች። አውሮፕላኖቹ ጉሙ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አየች።

"ኮከቤ፣ እሱስ የማን ልጅ ነው?"

በማግስቱ ታዲዮስ ጋ ደወልኩ። "አዲስ ልጅ ተቀብለናል፤ ትርዒቱ ደርሷል፤ ልምምድ ስለሚያስፈልገው እግረ መንገዳችንን…" አለኝ። እግረ መንገዳቸውን! ልቅሶህን ልምምድ አደረጉት። መራራቁስ ስለው፣ "ተራርቆ ከለመደ በዕለቱ መጠጋት ያቅተዋል" አለኝ። የትርዒቱን አዘጋጆችም ለመንኩ፤ ሐዘንሽን እንረዳለን ብለው ስልኩን ዘጉት።

እማዬ አሁን ለአንተ አታለቅስም። ወፍ ሲንጫጫ ተነስታ ለዚያ ልጅ ትጸልያለች። "ስሙን ጠይቂልኝ፤ ያለ ስም እንዴት አድርጌ ላሳስበው?" ብላ አስጨነቀችኝና ጠየቅሁላት። ገሠሠ ይባላል። ለእናቱ አንድ ነው አሉ።

ትርዒቱ የፊታችን እሑድ ነው። ብዙ ሕዝብ ይመጣል፤ በጣም ተጠጋግተው እንደሚበሩ በሬዲዮ ሲነገር ሰማሁ፤ እንደ ጥሩ ነገር ነው የሚናገሩት። እኔ ሰዎቹን ለምኜ ጨርሻለሁ። እግዚአብሔርንም ለምኛለሁ፤ ግን ላንተም ለምኜው ነበር። ስለዚህ የቀረኸኝ አንተ ነህ።

አደራህን ወንድሜ፣ እዚያ በስተቀኝህ ለገሠሠ ቦታ አትያዝለት።

እህትህ ኮከቤ