ከዛፉ ሥር የመጣ አሜን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8 ቀን 2005 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ

የአደን ጓደኛዬ ታደሰ ከሞተ ወዲህ ያልነካሁትን ደጋን ዛሬ አነሣሁ። ትከሻዬ አጥብቆ ተቃወመ፤ ድምፅ የመስጠት መብት ስለሌለው አለፍኩት።

አልማዝ ጫማዬን ሳስር መጣች። «አንተ ሽማግሌ፣ በክት ይዘህብኝ እንዳትመጣ!»

ሳይባረክ የሞተ ሥጋ ሚስቴ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ለዚህ እኔና ታደሰ ድሮ መላ ነበረን። እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ ቀስቱን ከመልቀቄ በፊት በስመ አብ እላለሁ፤ እሱ ከሥር ቆሞ አሜን ይላል። ቄሶቻችን ቢሰሙ ደጋኑን ወደ እኛ ያዞሩት ነበር።

ዛሬ ብቻዬን ሄጄ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ጫካው ጉም ለብሷል። አንድ አጋዘን መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ደጋኔን ወጥሬ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ በሹክሹክታ።

«አሜን» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ ከዛፉ ሥር።

ቅጠል ሲወድቅ የሚበረግገው አጋዘን ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ቀስቱ ከጣቴ አመለጠኝ፤ አጋዘኑ እዚያው ወደቀ። ወርጄ ዛፉን ዞርኩት። ውርጭ በሸፈነው ቅጠል ላይ ከእኔ ዱካ በቀር ምንም የለም።

አልማዝ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ማን አሜን አለልህ?»

«ታደሰ።»

ሳቀች። ፊቴን ስታይ አቆመች።

«ታዲያ ታፋውን ሰጠኸው?»

ታፋው ሁልጊዜ የታደሰ ድርሻ ነበር። ለብቻው ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬለታለሁ። «መጥተህ ውሰድ» ለማለት ፈራሁ፤ «አትምጣ» ማለት ደግሞ ለአደን ጓደኛ ነውር ነው።