አጎቴ ያመጣው አበባ

ረሆቮት፣ ማክሰኞ ሰኔ 2

አጎቴ ታረቀኝ ለፋሲካ ለእናቴ ያመጣላት ሳህላብ የሚሉት የሸክላ አበባ ዛሬ የመጨረሻ አበባውን ጣለ። አጎቴ ከሞተ ወር አልፎታል። እናቴ ግን አልተነገራትም። የደም ግፊቷ እስኪረጋጋ ይቆይ ተባለና ሺቫውን፣ የሰባቱን ቀን ለቅሶ እንኳ ከእሷ ተደብቀን ሻዓራይም ሰፈር፣ የአጎቴ ልጅ ቤት ተቀመጥን።

ቅጠሉ ቢጫ ባለ ቁጥር «ለወንድሜ ደውለሽ ጠይቂው፤ ችግኝ ሲያፈላ የኖረ እሱ ነው» ትለኛለች። ኩሽና ገብቼ ከስልኬ አነብና የእሱ ቃል አስመስዬ እነግራታለሁ። ውሃ አታብዢበት ብሏል፣ ፀሐይ አይምታው ብሏል። «እሺ፣ ቤሰደር» ትላለች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ውሸቱን ለምጄው ነበር።

ዛሬም መቀስ ይዤ መጣሁና «አገዳውን ከሥሩ ቁረጡት ብሏል» አልኳት።

መቀሱን ከእጄ ወሰደችው። «ታረቀኝ አረንጓዴ አገዳ አያስቆርጥም። ተመልሶ ያብባል ብሎ እዚሁ ቆሞ ነግሮኛል።»

እሷ አበባውን ከነሸክላው ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ፊቷን ሳታዞር «ቄሱንና ሽማግሌዎቹን መቼ ነው የምትጠሩልኝ?» አለች።

«የምን ሽማግሌ?» አልኩ።

«ተይ ልጄ። ሳይነገረኝ ማልቀስ አልችልም እኮ።»