በመስኮት የምገባበት ቤት

ለባለ ኮምፒውተሯ የልጅ ልጄ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጤናውን የምመኝልሽ ስድቤን ቆመሽ እንድትሰሚ ነው። አባትሽ ደህና ነው፣ ጣሪያውም አያፈስም። በሩ ግን አይከፈትም።

ለእኔና ለሴት አያትሽ በኮምፒውተር የሳልሽልን የግንድ ቤት፣ ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ያምራል። ግንዱ ሁሉ እኩል፣ ሁሉም ቀጥ ያለ፤ አርባ ዓመት አናጢ ሆኜ እንዲህ ያለ ዛፍ አላየሁም። አባትሽን «እርጥብ ግንድ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ዝቅ ይላል፤ ከበሩ በላይ አራት ጣት ክፍተት ተው» አልኩት። «አባዬ፣ ስዕሉ ላይ ክፍተት የለም» ብሎ ልክ እንደ ስዕሉ ሠራው። ይኸው ግድግዳው ወርዶ በሩ ላይ ተቀመጠበት።

አያትሽ «እኔ ሌባ ነኝ በመስኮት የምገባው?» ብላ አባትሽ ቤት ሄደች። እሱም መጋዝ ይዞ በሩን ሊያስተካክል መጣ፤ አባረርኩት። ያበላሸሽው አንቺ፣ የምትቆርጪውም አንቺ! እስከዚያ በመስኮት እገባለሁ፣ በመስኮት እወጣለሁ።

በስልክ ይቅርታ እንዳትይኝ፣ አልሰማም። መጋዜን ስዬ ሰቅዬልሻለሁ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ብቻ ቶሎ ነይ። ግድግዳው እየወረደ፣ መስኮቱ ግን ለጉልበቴ በየቀኑ ከፍ እያለብኝ ነው።

አያትሽ፣ አናጢው