ለሽርሽር የተሸከፈ የእድር ደብተር

ይድረስ ለውዷ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ? ሳትበዪ እንደምትውዪ ስለማውቅ መጀመሪያ አንድ ነገር ቅመሺ፤ ከዚያ ታነቢዋለሽ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ድካሙ ግን አልወጣልኝም። ሰው ለማረፍ መጥቶ እንዲህ ሲደክመው አይቼ አላውቅም።

ደሴቱ እንዳላችሁኝ ነው፤ በዚህስ አልዋሻችሁም። ጥሩምባ የለ፣ ዑራኤል ካዛንቺስ እያለ የሚጮህ ረዳት የለ። ዝዋይ ሐይቅ ጠዋት ጠዋት በፔሊካን ይሞላል። አባ ኮዳ የሚሉት ወፍ ደግሞ ደጄ ላይ ይቆማል፤ ራሰ በራ፣ አንገቱን ቀብሮ፣ የድሮ አለቃዬ አቶ ወዳጆ ቁርጥ። ትናንት ለታ የሚባለው ጀልባ ነጂ ጉማሬ አሳየን። ጆሮዋን ብቻ አውጥታ አየችንና ተመልሳ ገባች። እሷም ሰው ሰልችቷታል ብዬ ብነግረው ሳቀ።

ወንድምሽ ታዲዎስ እሾሁን እየለቀመ ዓሣ ያጎርሰኛል። ስልኩ ሲጠራ ግን ወደ ሐይቁ ዳር ይሮጣል። ኔትወርክ ፍለጋ ነው ይለኛል።

ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ "ጉዳዩ" የሚለውን ከላይ ሳላሰፍር ደብዳቤ ጀምሬ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ይኸው እዚህ ድረስ ጎተትኩት። በመጣን ማግስት የመኝታ ቀሚሴን ስፈልግ፣ ከሻንጣው ሥር በፎጣ ተጠቅልሎ የእድር ደብተሬን አገኘሁት። ልጄ፣ ለአንድ ሳምንት ሽርሽር የእድር ደብተር ማን ይሸክፋል? ጉማሬ ቢውጣት እድሩ ድንኳኑን በጀልባ ጭኖ ይደርስላታል ብለሽ ነው? ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ገባኝ። ዕቃ ከቤታችን ሲወጣ እንዳይጠፋ ፈርተሽ ነው። ሰፈሩ እንደሚፈርስ አውቅ ነበር፤ ከክረምት በኋላ ነው ብላችሁኝ ነበር እንጂ።

ሐሙስ ስትደውዪ ከጀርባሽ ቆርቆሮ ሲነቀል ሰማሁ። ጎረቤታችን አጸደ ጣራ እያስለወጠች ነው አልሽኝ። እኔም እሰይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ አልኩሽ። ሁለታችንም ውሸት አልተሳካልንም።

አልተቀየምኩም አልልሽም፤ ተቀይሜያለሁ። ልቤን ፈርታችሁ እንደሆነ ይገባኛል፤ ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ። ግን አርባ አንድ ዓመት ከኖርኩበት ቤት ሻንጣዬን ይዤ እየሳቅኩ ወጣሁ። ዞር ብዬ እንኳን አላየሁትም።

ቤቱስ ይሁን፤ ጭቃ ነው፣ እኔም ጭቃ ነኝ። አንጀቴን የበላችኝ አጸደ ናት። አርባ አንድ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖረናል፤ እሷ ስታነጥስ ይማርሽ የምላት ከአልጋዬ ሳልነሣ ነው። ስመጣ ዓሣ ይዤልሽ እመጣለሁ ብቻ ብያት ወጣሁ። አሁን እሷ ከከተማው አንዱ ዳር፣ እኛ ሌላው ዳር ልንገባ ነው። በእኛ ጉልበት ከዚህ ወዲያ የምንገናኘው በማናችን ቀብር እንደሆነ አንቺው ገምቺ።

ይህን በስልክ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ አልችልም። ስለዚህ ደብዳቤውን ነገ ለምትመለሰው፣ ከመስቀል ፍላወር ሰፈር ለመጣችው እንግዳ ለፋኢዛ ሰጥቻታለሁ፤ ደውላ ካለሽበት ድረስ አደርሳለሁ ብላኛለች።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እኔን ለመመለስ አትቸኩሉ። አጸደን ላኪልኝ። ክፍሌ ውስጥ ሌላ አልጋ ባዶውን አለ። ውሃ ትፈራለች፤ ለታ ቀስ ብሎ ይነዳል በያት።

ታዲዎስ ማወቄን እንዳይሰማ። አዲሱ ቤት ሲያደርሰኝ የሚነግረኝን ንግግር ሐይቁ ዳር ብቻውን ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ። አምሮበታል። ሲነግረኝ እደነግጥለታለሁ።

ድካምሽን ዑራኤል ይቁጠርልሽ። የምትገቢበት ደጅ ሰው አይጣ። ይማርሽ የሚል ጎረቤት አይንሳሽ።

እናትሽ

ግልባጭ፦
ለአጸደ። የእድር ደብተሯን ይዛ ትምጣ። ሁለት ሰው ካለ እድር አለ።