የአያቴ በርሜል መብራት ሲሆን

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ተራ ቀን። ወደብ ላይ ሦስት ኮንቴይነር ወረቀት ጎድሏቸው ቆመዋል፣ ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ። ሙቀቱ ቀነስ ብሏል፣ ተመስገን።

ቤት ስገባ አባዬ ሬዲዮኑን ከፍቶ ተቀምጧል። «ነገ ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ጣሪያ ላይ ያለውን እንጨት ይወስዳል» አለኝ።

የቱን እንጨት?

«ያንን አሮጌ በርሜል።»

የአያቴን በርሜል! ለዳቦ ምድጃ!

ለምን እንደዚያ እንደጮህኩ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሸራ ለብሶ ሲቀመጥ አንድ ቀን ገልጬ አይቼው አላውቅም። ግን «አይወስድም» አልኩ። «ምን ልታደርጊበት?» አለ። እንጃ... ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና የሬዲዮኑን ድምፅ ጨመረ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ማልጄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የብረት ቀለበቶቹ ዝገው ወልቀዋል፣ ጣውላዎቹ ተበታትነዋል። ሃያ ሁለት ናቸው። ሁሉም በስሱ የጎበጡ፣ ውጫቸው አመድ የመሰለ። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው፤ ቀይ ዳማ፣ የሚያብለጨልጭ። አንዱን አሸተትኩት። አሁንም ይሸታል! አረቄ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ትንሽ ጭስ... ብቻዬን ሳቅሁ።

የማውቀውን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። አያቴ ዓለምሰገድ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ እዚህ ጅቡቲ ዳግም፣ ሁለት ጊዜ የተጣራ አረቄ፣ ያወጣ ነበር። አንድ ዓመት ጠርሙስ አልቆበት ከፈረንሳይ ወታደሮች ባዶ የወይን በርሜል ገዛና አረቄውን እዚያ ውስጥ ገለበጠው። ከዓመት በኋላ ሲከፍተው ነጩ አረቄ ቀልቶ ቆየው። ጉሮሮ ላይ እንደ ማር ነው አሉ። «ቀዩ» ብለው ስም አወጡለት። የባቡር ሠራተኛው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ሁሉ «ቀዩ አለ?» እያለ ይመጣ ነበር።

አያቴ ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ ሦስት ዓመት ሠርቶ ዘጋው። ለምን? አይነገርም። በቤታችን የአረቄ ስም አይነሳም። አባዬ የሚያፍርበት ይመስለኛል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

የጣሪያ መብራት! ጥርሴን ስፍቅ ነው የመጣልኝ። ጣውላዎቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ቀዩ ውስጣቸው ወደ ውጭ ይዞራል፣ በመሃል በመሃላቸው ቡናማ ጠርሙስ ተቆርጦ ይገባል፣ አምፖሉ ከውስጥ። መፋቂያው አፌ ውስጥ እንዳለ በኤንቨሎፕ ጀርባ ላይ ሳልኩት። ድንች ይመስላል። ግን ያምራል!

ሁለት ጣውላ በታክሲ ጭኜ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር፣ በር የሚሠሩት ጋሽ ዓብዱልመጂድ ዘንድ ሄድኩ። የሐረር ሰው ናቸው፣ ያባቴን የቤት በር የሠሩት እሳቸው ናቸው። ተቀብለው አሸተቱና ወደ ኋላ ሸሹ።

«አቦ! ይሄ እንጨት ሰክሯል!»

«ሠላሳ ዓመት ሆኖታል እኮ ጋሼ።»

«ሠላሳ ዓመት ያልበረደ ስካር!»

ሚስታቸው ጀዋሪያ ከጓዳ ጮኹ፤ «እንጨት ምን ኃጢአት አለበት? ልጅቱን አሳያት!»

ጋሼ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ፣ አሰቡ... «እጄን አላገባም። አንቺ ትሠሪያለሽ፣ እኔ ቆሜ እሳደባለሁ።»

ተስማማን!

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ቢሮ ውስጥ ፀጉሬ ላይ የእንጨት ብናኝ ተገኘ። አለቃዬ ሙሰዲቅ «በእምነት፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ከሃያ ሁለት ጋር።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት። ጣቶቼ ተላጡ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቃላቸውን ጠበቁ፣ ሲሳደቡ ዋሉ። «እንጨት ነው የምታለሰልሺው ወይስ ድመት?» ውጩን ብቻ፣ ውስጡን እንዳትነኪ አሉኝ። «ቀለሙ ያያትሽ ነው፣ አንቺ አትደግሚውም።»

ይህን ሲሉ ልቤ ዘለለ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ተሰነጠቀ። ሰባተኛው። መሰርሰሪያውን ቸኩዬ ገፋሁት... ቋ! አለና ከላይ እስከ ወገቡ ተከፈለ። ሌላ ከየት ይመጣል? በዓለም ላይ ያለው ሃያ ሁለት ነው። መሬት ላይ ዘጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጀዋሪያ የሐብሐብ ቁራጭ አፌ ውስጥ ከተቱልኝ። እያለቀሱ ሐብሐብ መብላት አይቻልም፣ ተፈትኗል።

ጋሼ ጣውላውን አነሱ። እጄን አላገባም ያሉት ሰውዬ! በቀጭን መጋዝ ቢራቢሮ የመሰለ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ቀርጸው ስንጥቁ ላይ ሰኩት፣ ሙጫ ቀቡት፣ አሰሩት። «ይሄ ሥራ አይደለም» አሉኝ፣ «ሕክምና ነው። ሕክምና ይፈቀዳል።»

አሁን ከሁሉም የሚያምረው ሰባተኛው ነው።

ኅዳር 26፣ ዓርብ



ጣውላዎቹን ቤት አምጥቼ ሳሎን ወለል ላይ በተራ ደረደርኳቸው። አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሳያይ የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። አለፈ። ተመለሰ። ቆመ።

«ያንን ገልብጠሽዋል።»

«የቱን?»

ጎንበስ ብሎ አንዱን ገለበጠው። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ተንበርክኮ ሁሉንም ያለ ምንም ማመንታት አሰካካቸው፣ የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደነበር በልቡ ያውቃል! «በየዓመቱ ከአባቴ ጋር ፈትተን ነበር የምናጥበው» አለ።

ጠየቅሁት። ለምን ዘጋኸው አባዬ?

እየቆራረጠ ነገረኝ። ሦስት ዓመት ሞከረ። ያው በርሜል፣ ያው ጌሾ፣ ያው እሳት። የአያቴን ጣዕም ማምጣት አቃተው። አንድ ቀን ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ ጓደኛው ሙላው አንድ ብርጭቆ ቀመሰና «ልጁ ሻይ አፍልቶልናል!» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«በሳምንቱ ዘጋሁ።»

ጋሽ ሙላው? በየገናው ከኛ ጋር የሚበሉት?

«እሱ ነዋ።»

«ነግረኸው ታውቃለህ?»

«ምን ብዬ?»

ለካ ያፈረው በአያቴ አልነበረም። በራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት!

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

የዛሬው ሳቅ አይረሳም። ለመስታወቱ ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ከከተማ ቡና ቤቶች ለምኜ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሰበሰብኩና ካርቲየ 7 ቢስ ስደርስ ማዳበሪያው ተቀደደ። መንገዱ መሃል! ሰዉ ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት ሲወጣ! አርባ ባዶ የቢራ ጠርሙስ በየአቅጣጫው እየተንከባለለ...

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ስመኝ ጀዋሪያ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። ለሰፈሩ ሁሉ በሱማልኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ፦ «ለመብራት ነው! ለመብራት ነው!» አንድ ሽማግሌ ከእግራቸው ሥር አንዱን አንስተው በሁለት ጣት አቀበሉኝ፣ እንደ ሞተ አይጥ።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

በራ!!

ጋሼ መስኮቱን ዘጉ፣ ጀዋሪያ ማብሪያውን ተጫኑ። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ የጋሼ ነጭ ጢም፣ ሁሉ ቀይ ዳማ ሆነ። ከዚያ ጋሼ «ማሻአላህ» አሉ፣ ቀስ ብለው። ስድብ ጠበቅሁ። አልመጣም።

እየጨፈርኩ ነው የመጣሁት። የታክሲው ሹፌር ሠርግ አለሽ ወይ አለኝ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

ሳሎን ተሰቀለ። አባዬ መሰላሉን ያዘልኝ። ሲያልቅ ግን «ነገ ሙላው እስኪሄድ አታብሪው» አለ።

ምን ልበል? እሺ አልኩ። ትንሽ ከፍቶኛል።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ሁሉንም ልጻፈው፣ አንዱም እንዳይቀርብኝ።

ጋሽ ሙላው መጡ፣ ከዘራቸውን እያንኳኩ። ዶሮው ተበላ። ምሳው ካለቀ በኋላ ቀና ሲሉ መብራቱን አዩት። «ይሄ ምንድነው ደግሞ?» አሉ። እኔ አባዬን አየሁት። አባዬ ሳህኑን አየ። ከዚያ... ተነሳ። ራሱ ሄዶ መጋረጃውን ዘጋ። ራሱ ማብሪያውን ተጫነ።

ጋሽ ሙላው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እጃቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው አገላበጡትና ወደ አባዬ ዞሩ። «መርሻ... ይሄ ቀዩ ነው! የዓለምሰገድ ቀዩ!»

«ሻይ ነው» አለ አባዬ። «ልጁ ያፈላው።»

ሰውዬው አልገባቸውም። ፈጽሞ ረስተውታል! አባዬ ቆሞ ያችን ቀን ነገራቸው። ጋሽ ሙላው ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«ቀልድ ነበር እኮ! አንተ ሰው፣ በሳምንቱ ሁለት ጠርሙስ ልገዛ ስመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘሁት! ለምን ዘጋህ ብዬ ብጠይቅህ ሰለቸኝ አልከኝ!»

«ሁለት ጠርሙስ?»

«ሁለት! አንዱን ለአማቴ!»

«ወደኸው ነበር?»

«የአባትህን አይመስልም ነበር። ያንተን ይመስል ነበር። ጥሩ ነበር!»

አባዬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የሚያለቅስ መስሎኝ ሮጥኩ... እየሳቀ ነው! እንባው እየወረደ ይስቃል! ጋሽ ሙላውም ያዛቸው፣ እኔም ያዘኝ፣ ሦስታችን ጎናችንን ይዘን ተንፈራፈርን። ጎረቤት በር አንኳኩቶ ደህና ናችሁ ወይ አለ።

በሕይወቴ የአባቴን የላይ ጥርስ ሁሉ ያየሁት ዛሬ ነው።

ጥር 8፣ ዓርብ

ጋሽ ሙላው ለልጃቸው ቤት አንድ አዘዋል። የሙሰዲቅ ሚስትም ትፈልጋለች። የበርሜሉ ጣውላ አልቋል፣ እነዚህን ወደብ ከሚጣለው እንጨት እንሠራቸዋለን።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ አባዬ የለም። ደወልኩ፣ አያነሳም። ጋሼን ልጠይቅ ብዬ ካርቲየ 7 ቢስ ደረስኩ። ከመንገድ ማዶ ድምፁ ተሰማኝ፤ በር ሊያሠራ ለመጣ ለማያውቀው ሰው፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት፣ ደረቱን ነፍቶ፦ «አባቴ ዓለምሰገድ ይባላል፣ አረቄ አውጪ ነበር! እኔም አውጥቻለሁ፣ ጥሩ ነበር!» ጋሽ ዓብዱልመጂድ «አቦ ቀስ በል፣ ዛሬ ጁምዓ ነው!» እያሉ በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ።

ሲያየኝ አላፈረም። መነጽሩ ግንባሩ ላይ፣ ቅንድቡ በብናኝ ነጥቶ፣ ብርጭቆ ወረቀት ዘረጋልኝ።

«ዘገየሽ» አለ። «ያዢ።»