የፕላንፓሌው ሶስ

ጌትዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ሰው ሁሉ በርቺ ይለኛል፤ በምን እንደምበረታ ግን የሚነግረኝ የለም።

የዙሪኩ ቤታችን እንዳለ ነው። ትራሙ በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ ብርጭቆዎቹ ዛሬም ይንቀጫቀጫሉ። ልጃችን ሶስና በቁመት በልጣኛለች። አማርኛዋን ጀርመንኛው እየዋጠባት ነው፤ እሷን የሚቆጣው አንተ ነበርክ፣ እኔ አቅሙ የለኝም። ጃኬትህ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ ብያለሁ።

አሁን የምነግርህን ብትሰማ ትቆጣኛለህ። ፋሲካ ካለፈ ሳምንታት ሆኖት እንኳ አልፈሰክሁም ነበር። አዎ፣ ጾም በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ ስጾም ከረምኩ። የንስሐ አባቴ ስልክ ደውለው፣ ጌታ ተነሥቷል፣ አንቺ ማንን ነው የምትጠብቂው ብለው ገሠጹኝ። ምን ልበላቸው? በርገር ነው የምጠብቀው ልበላቸው?

የመጀመሪያውን ፋሲካችንን መቼም አትረሳውም። ጄኔቫ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ነበርን፤ ድስት መጣድ እንኳ አይፈቀድልንም። ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላችንን እንዳጣፋን ፕላንፓሌ አደባባይ ወሰድከኝ፣ ጥጉ ላይ ወዳለችው በርገር ቤት። በርገሩን እንደ እንጀራ ቆርሰህ፣ ያንን ቡናማ ሶስ አስነክተህ፣ ሰው ሁሉ እያየን አጎረስከኝ። ሰናፍጩ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ አንተ ደግሞ ይህንን የሠራ ፈረንጅ አይደለም፣ የእናቴ ጎረቤት ናት ብለህ ማልክ። የተረፈው ሶስ ነጠላዬ ጥለት ላይ ፈሰሰ፤ ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለ። ዙሪክ ገብተን፣ ዶሮ የሚሠራበት የራሳችን ኩሽና ኖሮን እንኳ፣ በየፋሲካው ሁለታችን ብቻ በባቡር እዚያ ሄደን አንተ ሳታጎርሰኝ ፈስኬ አላውቅም።

ዘንድሮ ብቻዬን ሄድኩ። እጅህ ባይኖር ሶሱ አለ፣ እሱን ቀምሼ እፈስካለሁ ብዬ ነበር። ቤቷ አለች፤ ወንበሮቹም አሉ። በርገሩ ግን ከሜኑው ወጥቷል፣ ሶሱም አብሮት ቀርቷል። አስተናጋጇ ልጅ እንዲህ ያለ በርገር እንደነበረም አታውቅም፤ አዲሱን ላምጣልሽ አለችኝ። በዚያ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ለመንኳት። ነጠላዬን ዘርግቼ፣ ይኸውልሽ፣ ይሄ ነው ብዬ እድፉን አሳየኋት። ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ። ጌትዬ፣ በቀብርህ ቀን እንዲያ አላለቀስኩም። አንተን ስቀብር ቢያንስ ይቺ ጣዕም ተርፋልኛለች ብዬ ኖሯል።

ባለፈው እሑድ ሶስና ኩሽናውን ዘግታ ዋለች። ሰናፍጭ፣ ማዮኔዝ፣ ማር፣ ያገኘችውን ሁሉ ስትደባልቅ ነበር። ከዚያ በርገሩን እንዳንተ ቆርሳ፣ እጇን ወደ አፌ ዘረጋችና፣ ማማ፣ በቃ ብዪ፣ ባባም ብዪ ይልሻል አለችኝ። ልጄን እንዴት እንቢ ልበላት? ጎረስኩላት።

አይደለም። ጭራሽ አይገናኝም። ማር በዝቶበታል፣ ሰናፍጩም አፍንጫ አይነካም። እሱ ነው ወይ ብላ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ፣ ራሱ ነው አልኳት። በደስታ ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው፤ የአባቷ ጣዕም መስሏት።

የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። እውነተኛውን ጣዕም የማውቀው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፣ እኔም እየጠፋብኝ ነው። ትናንት ላስታውሰው ምላሴን ባስጨንቀው የመጣልኝ የሶስና ማር ነው። እንግዲህ አንተስ እንዲሁ ልትጠፋብኝ ነው? ድምፅህስ? ሳቅህስ?

ልጅህ በማሩ ታስታውስህ፤ አልነጥቃትም። ነጠላውን ግን ዳግመኛ አላጥበውም። ስታጎርሰኝ ከንፈሬን የነካው ጣትህ አለ፤ ጣዕሙ ሁሉ ቢከዳኝ እሱን አልረሳም፣ ይኸው ቃሌ።

ያጎረስካት ሚስትህ፣
አልማዝ