ጋይንት የምንለው ሰው

ጥቅምት 12፣ ገንዳ ውሃ

ዛሬ በራሴ አፈርኩ። ጋይንት ጧት አብረን ሰሊጥ እያጨድን ሳለን ወደቀ። ወባ ነው። በትራክተር ተጎታች ጭነን ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ራሱን አያውቅም ነበር። ነርሷ ካርድ ልታወጣለት ስሙን ጠየቀችኝ።

"ጋይንት" አልኳት።

"ስሙን እንጂ አገሩን አልጠየቅሁህም።"

ከአረም እስከ አጨዳ ጎን ለጎን ሠርተናል፤ ከአንድ ሰሃን በልተናል። እርሻው ላይ ሁሉም በመጣበት አገር ነው የሚጠራው፦ ላስታ፣ ደንበጫ፣ ጋይንት። ባለፈው እሑድ ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ትምህርት ቤቴ ሳይዘጋ በፊት እንግሊዝኛ ሳስተምር ለልጆቹ የምነግራቸውን አጫወትኩት። ጂንስ የሚለው ቃል ጄኖቫ ከምትባል የጣልያን ከተማ፣ ሰርዲንም ሰርዲኒያ ከምትባል ደሴት እንደመጣ። የለበስኩትን ጂንስ ሱሪ ሳብ አድርጎ፣ "እንግዲያ እኔና ሱሪህ አንድ ነን በለኛ፣ መምህር!" ብሎ ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። ያኔ እንኳ ስምህ ማን ነው አላልኩትም።

ኪሱን ፈተሽን። መታወቂያ የለ፣ ስልክ የለ። ሚስት እንዳለችው ነግሮኛል። ጋይንት ሰፊ አገር ነው፤ የቱን ቤት ሄጄ ላንኳኳ? ነርሷ ካርዱ ላይ "ጋይንት" ብላ ጻፈች፤ የአባቱን ስም ባዶ ተወችው።

ከሰዓት አንዴ ዓይኑን ገለጠ። "ስምህ ማን ነው? ስምህን ንገረኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ትኩር ብሎ አየኝ።

"መምህር" አለና መልሶ ጨፈነ። እሱስ ሌላ በምን ይጥራኝ?